የአባዬ ሻንጣ ቀኝ ኪስ

ይድረስ ለወንድሜ ለቦና ቶለሳ፤ ጆሃንስበርግ።

እንደምን ሰነበትክ ወንድምዬ? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ካርቶን ተሸክመህ ማታ ታቃስታለህ? ባለቤትህ ሊሚስ በጤናዋ ናት? ኪያና ኤልሮኢስ አደጉልህ? ሰፈሩስ ተረጋጋ ወይስ አሁንም ሱቁን በፍርሃት ነው የምትከፍቱት? እኛ ሐዘኑ ሲቀር ለክፉ አይሰጠንም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ቤቱ ግን ጭር ብሏል። ስንት ዓመት ሙሉ በአባዬ ሳል ስቀሰቀስ የኖርኩ ሰው፣ አሁን ያለ ቀስቃሽ እነቃና ዝም ብዬ ጣራ አያለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣት ትል ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደውዬ ልነግርህ ሞክሬ ምላሴ ተሳሰረ። እኔ፣ ለሰፈሩ ሁሉ የማልመለሰው! ከእናንተ ዘንድ የመጣው አማን ሰኞ ስለሚመለስ በእጁ ላክሁልህ። እባክህ ሊሚ አጠገብ ተቀምጠህ አንብበው፤ ሱቅ ውስጥ ቆመህ አታንብበው።

ባለፈው ስንነጋገር ጋሽ ገለታ በአባዬ አርባ ቀን ደጃችንን እንዳይረግጡ ብለሃል። ዓይኑ የማያይ ሰው አባቴን ጫካ ወስዶ ገደለብኝ ብለህ ስትጮህ እኔ ዝም አልኩ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ዝምታዬ ነው። አርባው ታኅሣሥ 21 ነው፤ ከዚያ በፊት እውነቱን ማወቅ አለብህ።

ያችን የአባዬን አረንጓዴ ሻንጣ መቼም አትረሳትም። ኮዳውን ሰርቀህ ኳስ ሜዳ ወስደህ ቀበቶ የቀመስክባት ቀን ትዝ ትልሃለች? አባዬ የገረፈህ ስለሰረቅህ አልነበረም፤ መልሰህ በቀኝ በኩል ስላንጠለጠልከው ነው። እሱና ጋሽ ገለታ ኮማንዶ በነበሩበት ዘመን የሁሉም ትጥቅ የሚታሰረው አንድ ዓይነት ነበር፤ ኮዳ በግራ ዳሌ፣ ኮምፓስ በደረት ኪስ፣ የቁስል ፋሻ በሻንጣው ቀኝ ኪስ። ጠላት አጠገብ ሆነህ መብራት አታበራም፤ ጓደኛህ ሲመታ እጅህ ሳይፈልግ ፋሻውን ማግኘት አለበት። አባዬ ሰሜን ግንባር ሆዱን ሲመታ ጋሽ ገለታ ያተረፉት እንዲያ ነው። ሠራዊቱ ተበትኖ አባዬ የመጋዘን ዘበኛ፣ እሳቸው ግንበኛ ሆነውም ያን ሥርዓት አልተዉትም። ቀይ መለዮውን ብል ሲበላው አባዬ እየሳቀ ጣለው፤ የሻንጣው ነገር ግን ቀልድ አያውቅም ነበር።

በኋላ ፋሻው ወጥቶ የሚሳበው የአስም መድኃኒቱ ገባበት። ቤት ውስጥ የሚስባት ሌላ መድኃኒት ትራሱ ሥር ነበረች፤ የሻንጣዋ ከጋሽ ገለታ ጋር ከሰፈሩ በላይ ወዳለው የባሕር ዛፍ ጫካ ሲወጡ የሚይዛት ነበረች። እሳቸው በግላኮማ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ አባዬ ክንዳቸውን ይዞ ይመራቸዋል፤ አስሙ ሲነሳበት ደግሞ እሳቸው መድኃኒቱን ያወጡለታል። ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰለህ! አባዬ ገና ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ሳይናገር፣ እጃቸው ቀኝ ኪሱ ውስጥ ነው። ዓይን ያለን ሰዎች በዚያን ጊዜ ቆመን እንርበተበት ነበር።

አሁን የእኔን ጉድ ስማ። ኅዳር ሊታጠን ሁለት ቀን ሲቀረው ቤቱን ገለባብጬ ማጽዳት ያዝኩ። የጽዳት አባዜዬን ታውቃለህ። ሻንጣዋ ሻጋታ ሻጋታ ትሸታለች፤ አባዬ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት አራገፍኩና ዘፍዝፌ አጠብኳት። ስትደርቅ ዕቃውን መለስኩ። የመድኃኒት ቦታ ንጹሕ ይሁን ብዬ የአስሙን ከኪኒኖቹ ጋር ፌስታል ውስጥ ከተትኩና፣ እንዳይበተን ሁለቴ ቋጥሬ ከሹራቡ ሥር ወሸቅሁት። ቀኝ ኪሱ ባዶ ከሚሆን ብዬ ማበጠሪያና መሀረብ አደረግሁበት። ሲመጣ እነግረዋለሁ አልኩ። ሲመጣ እንግዳ ነበረብኝ። በነጋታው ረሳሁት። በቃ ረሳሁት፣ ቦናዬ።

ኅዳር 12 ጠዋት ሰፈሩ ቆሻሻውን ከምሮ ሲያቃጥል ጭሱ ከሸጎሌ እስከ ታች ሸፈነው። አባዬ ማሳል ሲጀምር ሻንጣዋን አንጠለጠለና ሁለት ቤት አልፎ ጋሽ ገለታን ይዟቸው ሽቅብ ወጣ። እኔ መጥረጊያ ይዤ በር ላይ ነበርኩ። ቶሎ እንዳትመለሱ፣ ጭሱ ይብረድ ብዬ የሸኘሁት እኔ ነኝ።

ኋላ ከጋሽ ገለታ እንደሰማሁት፣ ዛፎቹ ጋ ሲደርሱ አስሙ አፈነው፤ ጭሱን ስቦት ነው የወጣው። ጋሽ ገለታ እጃቸውን ወደ ቀኝ ኪሱ ሲሰዱ ማበጠሪያ አገኙ። ግራውን ፈተሹ፣ የለም። ሻንጣውን ሣሩ ላይ ዘረገፉትና ተንበርክከው መሬቱን መዳበስ ጀመሩ። መድኃኒቱ ያለበትን ፌስታል ነክተውታል፤ በአንድ እጃቸው አባዬን ደግፈው በሌላው፣ በጥርሳቸውም ጭምር፣ ሊፈቱት ታግለው እምቢ አላቸው። የሰው ያለህ ሲሉ ቅጠል የምትለቅም ሴት ሰምታ ሮጣ መጣችና ቀደደችው። አባዬ ግን ቀድሞ ሄዷል።

አንተ የሰማኸው ድንኳኑ ውስጥ የሆነውን ነው። ጋሽ ገለታ በለቀስተኛው ፊት ተነስተው፣ እጄ ቦታውን ረሳው፣ ቶለሳን የገደለው የእኔ እጅ ነው አሉ። ሰዉ አጉረመረመ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳንዱ ሰላም አይላቸውም፤ ልጆቻቸው ሳይቀሩ በጎን ይወቀሳሉ። እኔ ጥቁር ለብሼ፣ የሟች ልጅ ተብዬ፣ ሰው እያጽናናኝ ቁጭ ብዬ አየሁ። አፈር ልብላ፣ አንዲት ቃል አልወጣኝም።

ባለፈው እሑድ አልቻልኩም። ሻንጣዋን ይዤ ቤታቸው ሄድኩና እግራቸው ሥር ወድቄ የሠራሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ራሴን እየዳበሱ፣ ማበጠሪያውን የነካሁ ጊዜ አውቄዋለሁ አሉኝ። ቶለሳ አርባ ዓመት ሙሉ እንዲያ አስሮ አያውቅም፤ የአንቺ እጅ መሆኑ ወዲያው ገባኝ አሉ። ታዲያ በሰው ፊት ለምን ዋሹ ብዬ ጮኽኩባቸው። እኔ እኮ ሰው በምን ዓይን እንደሚያየኝ አላይም፣ አንቺ ግን በየቀኑ ታዪዋለሽ አሉኝ።

ቦና፣ ከዚህ በኋላ እንዴት ዝም ልበል? በአርባው ቀን እድርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሜ እናገራለሁ። እሳቸው ተይ ብለው ለምነውኛል፤ አልሰማቸውም። ሰውም እንደፈለገ ይየኝ። አንተም ልትረግመኝ ብትፈልግ ርገመኝ፤ አልቀየምህም። አባታችንን ያሳጣሁህ እኔ ነኝ። ብቻ ቁጣህን ከእሳቸው ላይ አንሳው።

ሊሚን ጥብቅ አድርገህ ሳምልኝ፤ በለቅሶው ቀን ስትደውል ማንሳት ያልቻልኩት ንቄያት አይደለም በላት። ኪያን በትምህርቷ እንድትበረታ፣ ኤልሮኢን ደግሞ አያቱ ፎቶውን እያየ በስሙ ይጠራው እንደነበር ንገራቸው። ልጄም አጎቴ ትልሃለች፤ ጉንጭህን ትስማለች። ለጋሽ ገለታ ግን የአንተን ሰላምታ እኔ አላደርስም። ራስህ ደውልላቸው፤ ስትናገርም ቀስ ብለህ ተናገር፣ እሳቸው ፊትህን የሚያዩት በድምፅህ ነው።

እህትህ ገበያነሽ ቶለሳ
ጉለሌ፣ ሸጎሌ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.