አራት ሰዓት ተኩል በአየር

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሚያዝያ 9

የኔ እመቤት፣ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ትንሹ ልጅሽስ? ሳሉ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ይህን የምጽፍልሽ በስልክ ልነግርሽ ስላልቻልኩ ነው። ድምፅሽን ስሰማ ሌላ ሌላውን አወራለሁ።

ሐኪሙ እናትሽን ከመረመራት በኋላ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠራኝና፣ "አባባ፣ ጉበቷ አልቋል። ቤት ይውሰዷትና ያማራትን ይስጧት" አለኝ። ለእሷ ግን "መድኃኒቱን ቤት ሆነሽ ትቀጥያለሽ ተብሏል" አልኳት። ሳቀችብኝ። "አንተ ሾፌር፣ ውሸት እንኳ በወጉ አታውቅም!"

ከዚያ ወዲህ ነው አንቺ ካለሽበት እኛ ጋ ስላለው መንገድ መጨቅጨቅ የጀመረችው። ትኬት ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩላት። እዚያ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየት አደረገችና፣ "ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ በቀጥታ በረራ አራት ሰዓት ተኩል" አለችኝ። ክው አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ የነዳሁበት መስመር እንኳ ከማለዳ እስከ ምሽት ይፈጃል። እኔ እኮ አንቺ ያለሽበት የዓለም ዳር ይመስለኝ ነበር።

ለእናትሽ ስነግራት ከትራሷ ቀና አለች። "ይቺው ናት? እሷን ስወልድ እንኳ ሁለት ቀን አምጫለሁ!" ወዲያው አንሶላሽን አሳጠበችኝ፤ አልጋሽንም መስኮቱ ሥር አስነጠፈችኝ።

እሁድ ስትደውዪ ስልኩን ጆሮዋ ላይ የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። "እማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ገና ነው። ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም፤ ልጄ እዚህ ይቀርብኛል" ስትያት ሰምቻለሁ። "አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ እንዳትነሺ" አለችሽ አይደል? ከዘጋሽ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የሰራሁላትን ሾርባም አልቀመሰችም። በማግስቱ አልጋሽን አስነሳችኝ።

ሊጠይቋት የሚመጡት ሰዎች "ልጅሽ አትመጣም እንዴ?" ይሏታል። "ኧረ ሩቅ ነው! በአየር ሁለት ቀን ሙሉ!" ትላቸዋለች። ሰዎቹ ዞር ብለው እኔን ያያሉ፤ የመንገድ ሰው ነኛ። "አዎ፣ ሩቅ ነው" እላለሁ።

ልጄ፣ አትምጪ። ብትነሺም የምትደርሺባት አይመስለኝም። ትናንት ውሃ በማንኪያ ሰጥቻት፣ እሱም በከንፈሯ ጥግ ፈሰሰ።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ የጎረቤታችን የመምህሩ ልጅ ናት፤ ነገ ማለዳ አንቺ ወዳለሽበት ትበራለች። ዛሬ ልትሰናበተን ስትመጣ እናትሽ አንገቷን ስባ ጉንጯን ሳመቻት፤ ደጋግማ፣ የቀረቻት አቅም እስክታልቅ ድረስ። ልጅቷ ግራ ገብቷት ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ከዚያ እናትሽ ቀስ ብላ፣ "ፊትሽን ሳትታጠቢ ሂጂላት፤ መንገዱ አጭር ነው፣ አይደርቅም" አለቻት።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። ልጅሽ ከዓይንሽ አይራቅ።

አባትሽ፣ ሾፌሩ