ጉቶውን አልሸጥኩም

አስኩዬ፣ የኔዋ፣

የንዳድ በሽታው ከወሰደሽ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ይሄን በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት፣ ማንም አላገዘኝም። ኮልፌ ውስጥ በእኔ ዕድሜ እንደኔ ፊደል የሚለይ ካለ ይምጣና ይሞክረኝ! ያስተማርሽኝ አንቺ መሆንሽን ግን ለሰው አላወራም፤ ለአንቺ ብቻ ነው የማምነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጣሪያውን አዲስ ሣር አለበስኩት፤ የጓሮው አጥር ጣሊያን መንገድ ሲያወጣ ፈረሰ። እናትሽ እሁድ እሁድ ይመጣሉ፣ ትንሽ ተቀምጠው ይሄዳሉ። የምላቸው ይጠፋኛል። እኔ! ወሬ ሲጠፋኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ከሚሲዮን ያመጣሽው የሒሳብ መጽሐፍ አሁንም አለ። አንቺ ስታነቢልኝ እኔ መደቡ ላይ ተጋድሜ፣ ይሄንን ድሮም አውቀዋለሁ እል ነበር። አላውቅም ነበር፣ አስኩ። ስለ ዋና ገንዘብና ስለ ወለድ ያነበብሽልኝ ሰሞን፣ ነጋዴ ልሁን ብዬ የአባቴን ባሕር ዛፍ የላይኛውን ጥግ ከነጉቶው ሸጬው መጣሁ። ሰውየው ጉቶውን ነቅሎ ማገዶ አደረገው። ላሟን ሸጠህ ወተት ልትጠብቅ ነው ወይ ብለሽ ሦስት ቀን ሙሉ ሳቅሽብኝ። ኋላ ነው ቁጭ አድርገሽ ያስረዳሽኝ፦ ግንዱ ወለድ ነው፣ ጉቶው ዋናው ነው፤ ጉቶ ካለ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ባለፈው ሳምንት የመንገድ ሥራው ካቦ መጣ። የቀረውን ዛፍ ሁሉ ከነጉቶው ሊወስድ፣ ያውም በሊሬ ሳይሆን በጠገራ ብር። ብሩን እጁ ላይ ሲያንቀጫቅጨው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ሸፈተ። ነገ ና አልኩትና መጽሐፉን ገለጥኩ። መቶ ሃያ ጉቶ አለኝ፤ ከየጉቶው ሦስት ሦስት ቡቃያ ባሳድግ ብዬ ማባዛት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሠላሳ ስድስት መጣልኝ። ተናደድኩ፣ መጽሐፉን ወረወርኩት፣ መልሼ አነሳሁት። ዜሮዋን ረስቼያት ኖሯል! ሦስት መቶ ስልሳ።

በማግስቱ ካቦውን፣ ግንዱን ብቻ ውሰድ፣ ጉቶዬን እንዳትነካ አልኩት። አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሒሳብ አዋቂ የሆንከው ብሎ ተሳለቀብኝ። ሄደ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣና ተስማማ።

እጅ ተመታትተን ሳንጨርስ ወደ ቤት ዞሬ፣ አስኩ፣ ሰማሽ ወይ ብዬ ጮኽኩ። አፌ ነው የጮኸው፣ እኔ አላዘዝኩትም። በሩ ክፍት ነበር፣ ውስጡ ጭር ያለ። ካቦው አየኝ፤ ቤት ውስጥ ማን አለ አለኝ።

ሚስቴ አልኩት።

ዋሸህ ብለሽ እንዳትቆጪኝ። እስክሞት ድረስ ለጠየቀኝ ሁሉ እንዲሁ ነው የምመልሰው።