በግማሽ ስለቀረው የክቡርነትዎ ፀጉር

ይድረስ ለክቡር የመብራትና የትራንስፖርት አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? በተለይ የተላጨው የራስዎ ግራ ወገን ብርድ እንዳይመታው ከልብ እሰጋለሁ። እኔ ባለፈው ሐሙስ ከወንበሬ ላይ በግማሽ የተነሡልኝ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ባለቤቴም እኔም ደህና ነን። መብራት ብቻ የለንም፤ እሱን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

የዚያኑ ዕለት ትራንስፖርትና መብራት ለአገር ኢኮኖሚ ስላበረከቱት አስተዋፅኦ ያደረጉትን ረጅም ንግግር፣ መብራት ከማይጠፋበት ከላይኛው ሰፈር እህቴ ቤት ሄደን በቴሌቪዥን ተከታተልን። እህቴ “ሰውዬው አዳራሽ ውስጥ ባርኔጣ ምን አስደፋው?” ስትል እኔና ባለቤቴ አንገታችንን ደፍተን ሻያችንን ፉት አልን። ሪፖርትዎ ጥቂት ነገሮች ስለዘነጋ ግን እንደ ዜጋ ልሙላልዎ።

፩ኛ፦ መንገዳችን የመብራት ገመድ ሊቀበርበት ተቆፍሮ ሳይደፈን በመቅረቱ፣ አውቶቡሱ ፊቱን ወደ ሌላ ሰፈር አዙሯል። ደንበኞቼ ወደ እኔ የሚመጡት ጉድጓድ ዘለው ነው፤ መዝለል የማይሆንላቸው ሽማግሌዎች ጺማቸውን አሳድገው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ጫማ ጠጋኙ ጎረቤቴ ግን በዝላዩ የሚቀደደው ጫማ ስለበዛለት ከምርቃት በቀር ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። ይህ በአስተዋፅኦው ውስጥ ይግባልዎ።

፪ኛ፦ ሻማ ሻጯ ቤቷ ላይ ፎቅ እየጨመረች ነው። ኢኮኖሚው አላደገም የሚል ምቀኛ ካለ ወደ እሷ ይላኩት።

፫ኛውን ቅሬታ ለመናገር ይከብደኛል። ባለቤቴ ከፀጉር ቤቴ ጎን ወተትና እርጎ ትሸጥ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር የተበላሸውን ቦይ ውስጥ ስትደፋ ከርማ፣ ሲብስባት አንዱን ጠርሙስ ይዛ ቢሮዎ ድረስ መጣች። እርስዎም አፍንጫዎን በመሐረብ ይዘው፣ “ሴትዮ፣ ላም ግዢና ደጃፍሽ ላይ እሰሪያት፤ ላም መብራት አትፈልግም” ብለው በሠራተኞችዎ ፊት አሳቁባት። ባለቤቴ ጨዋታ የማያልቅባት ሴት ነበረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሱቋን ዘግታ፣ እኔ ዘንድ ጥግ ይዛ ፎጣ ታጥፋለች። አንጀቴ አረረ። ብድር በምድር ነው ብዬ ግን ቻልኩት።

እነሆ ባለፈው ሐሙስ ወደ ንግግርዎ ሲጣደፉ መኪናዎ እኛው ጉድጓድ ውስጥ ገባችልኝ፤ ስለዚህ ጉድጓዱን በተመለከተ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እስክትወጣ ድረስ ፀጉርዎን ሊስተካከሉ ገቡ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ አንገትዎ ላይ ፎጣ ያሰረችልዎን ሴት ቀና ብለው እንኳ አላዩም። ግራውን ወገን አጥርቼ ጨርሼ ወደ ቀኙ ስዞር መብራት ጠፋና ማሽኔ ጭጭ አለ። ወደ ገዛ መሥሪያ ቤትዎ ደውለው፣ “እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ” የሚለውን ድምፅ ደጋግመው ሲያዳምጡ ማየት አንጀቴን ቅቤ አጠጣው። “በመቀስ ጨርስልኝ” ብለው ቢለምኑኝም፣ ማሽን የጀመረውን መቀስ ያበላሸዋል ብዬ በሙያዬ ማልኩ። በመጨረሻ ሹፌርዎ አዝኖ የራሱን ባርኔጣ አወለቀልዎ።

ይቅርታ አልጠይቅዎም። የቀረውን ግማሽ ግን በነፃ ልጨርስልዎ ዝግጁ ነኝ፤ አስቀድመው ጉድጓዱን ያስደፍኑ፣ ከዚያም በእግርዎ ተሻግረው መጥተው ያችን ሴት በሠራተኞችዎ ፊት ይቅርታ ይጠይቋት።

የግራ ወገንዎ አክባሪ፣ የቀኝ ወገንዎ ናፋቂ፣
ከጉድጓዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንድ ነገር ሳልነግርዎ። የባለቤቴ ፍሪጅ ባዶውን ከሚገተር ብለን ሸጠን ትንሽ ጄኔሬተር ገዝተንበታል። ያን ዕለት ነዳጁን እንደጠጣ ከወንበርዎ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ሥር ነበር። ላስነሣው ወይ ብዬ በዓይኔ ብጠይቃት፣ ባለቤቴ ፎጣዋን እያጠፈች ራሷን ነቅንቃ አይሆንም አለችኝ። እርስዎ ወጥተው በሩ እንደተዘጋ ግን፣ ስንት ጊዜ የናፈቀኝን ሳቋን ለቀቀችና “ለቀረው ግማሽ ላም ይግዛና ትላስለት፤ ላም መብራት አትፈልግም” አለች።