ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞርሁበት ምርጫ

ደባርቅ፣ እሑድ ኅዳር 13 ቀን 1985 ዓ.ም.

እግዚአብሔር ይመስገን፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር ሳልሆን ቀረሁ። ሽማግሌዎቹ ሲያጩኝ እምቢ ማለት ነውር ሆኖብኝ ነበር። ከዳባት የመጣው ታናሽ ወንድሜ አያሌው ግን ገና ሳልመረጥ የቤት መሥሪያ ቦታውን ለራሱ መርጦ ጨርሷል። ብመረጥ ወይ እሱን ወይ ሕዝቡን ማስቀየሜ አይቀርም ነበር።

ምርጫው እጅ በማውጣት ነው። መጀመሪያ ለተወዳዳሪዬ ለባለወፍጮው ለአቶ መኮንን ብዙ እጅ ወጣ። የእኔ ተራ ደርሶ ሕዝቡን ቀና ብዬ ሳይ ግን ለእሳቸው ያወጡት ሳይቀሩ ሁሉም እጃቸውን አወጡ። አብዛኞቹ ያስተማርኋቸው ናቸው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይመርጥምና ይደገም አልሁ። እኔም ዓይኔን አይተው እንዳያፍሩ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

"ጋሼ፣ ዛሬስ ተቀጪው እርስዎ ሆኑ!" አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

አቶ መኮንን በሰፊው በለጡኝ። ትንሽ ከፋኝ፤ ወዲያው ግን ትከሻዬ ቀለለኝ።

ቤት ስንደርስ አያሌው አኮረፈ። "ወንድም ጋሼ፣ ያሸነፈውን ምርጫ ይደገም የሚል ሰው እርስዎን ብቻ አየሁ!" አለኝ። ከዚያ ጾሙ ሳይገባ ለደስታዬ ሊያርደው ያመጣውን በግ ከጓሮ ፈትቶ ብቅ አለ።

"ወዴት ነው?"

"አቶ መኮንንን እንኳን ደስ ያለዎት ልላቸው።"

"ባዶ እጅህን ሂድ" ብዬ ገመዱን ተቀበልሁት። ቦታውን ሲጠይቃቸው እሺ ወይም እምቢ ማለት እንግዲህ የእሳቸው ፈንታ ነው።