ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ ላሉን ኃላፊ

ለተከበሩ የነዳጅ ማደያዎች ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኃላፊ፤

ይህን ደብዳቤ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ብዕሩን የያዘችው ልጄ ናት። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። ሠላሳ አንድ ዓመት ነዳጅ ስቀዳ ንጹሑን ቤንዚን ከተበረዘው በአፍንጫዬ እለይ ነበር፤ ያኔ የእናንተ መሣሪያ ገና አልመጣም። ዛሬ እኔ በቆምኩበት ቦታ ልጄ ቆማ ስትቀዳ ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት አብረን ቀድተናል።

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ቢሮዎ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ መስኮቱም እንደ ልብ ይከፈታል ብለውኛልና ስለ ደረትዎ ብዙም አልሰጋሁም።

የተነሣሁት ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ግድግዳችን ላይ ስላስለጠፉት ማስታወቂያ። «ሠራተኞች የነዳጅ ትነት እንዳይተነፍሱ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ይቁሙ» ይላል። እግዜር ይስጥልኝ። ማደያችን በሦስት ወገን ግንብ፣ ከላይ ቆርቆሮ ነው፤ ነፋሱ ትእዛዙ ሳይደርሰው ቀርቶ ይሁን እንጃ እስካሁን ብቅ አላለም። ልጄ ፊቷን ከትነቱ ለማዞር ብላ ጀርባዋን ለደንበኛ ብትሰጥ ባለጌ ተብላ ተከሳለች።

ሁለተኛ፣ መኪናው ሲሞላ አትጨምሩ የሚለውን ደንብ ስላወጡልን። ይህን ደንብ ያነበበ ሹፌር ግን አላጋጠመንም። መቅጃው ራሱ ቀጥ ሲል ሹፌሩ ወርዶ መኪናውን ያወዛውዛል፤ «አየሩ ይውጣና ትንሽ ጨምሪበት፣ እህቴ» ይላታል። አየሩስ ይወጣል፤ የሚወጣው ጎንበስ ብላ ሙላቱን ወደምታየው ልጄ ፊት ነው።

ሦስተኛው ምስጋና ሳይሆን የራሴ ጥፋት ነው። ጠዋት ጠዋት የምድር ውስጡ ታንክ ተከፍቶ በረጅም ዘንግ ይለካል። ክዳኑን ስትከፍቺ መጀመሪያ አሽትቺ፣ ጎበዝ ቀጂ በአፍንጫው ነው የሚታወቀው ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ኮርቼባታለሁም። አሁን እኔን ወጥ ሲያር እንኳን አይሸተኝም፣ ጣቶቼም ይደነዝዛሉ፤ እርጅና ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። እሷ ግን ገና ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ጠዋት ስትነሣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ነው።

ባለፈው ወር ሐኪም ደሟን መርምሮ፣ ደምሽ እየቀነሰ ነው፣ ከቤንዚን ካልራቅሽ በኋላ ለማከም ያስቸግረናል ብሎ በወረቀት ጻፈላት።

እዚህ ላይ ብዕሩ ቆሟል። የኔ ነገር አይጻፍ ትላለች። የማን ነገር ሊጻፍ ነው ታዲያ የተቀመጥነው?

ወረቀቱን ይዛ ወደ ዘይትና ጎማ መሸጫው ክፍል አዛውሩኝ ብትል፣ ሥራ አስኪያጁ የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ፊርማ ያስፈልጋል አላት። የእርስዎ ቢሮ ደግሞ ሦስት ጊዜ ካመላለሳት በኋላ፣ የማደያው አየር ጎጂ ለመሆኑ ማስረጃ አምጪ ብሎ መለሳት። ስለ ጥንቃቄዎ በእውነት አመሰግናለሁ፤ ሰው ዝም ብሎ ታመምኩ ስላለ አይታመንም።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህን ነው፦ ዝውውሯን ይፈርሙላት፤ እሷን ተክቶ ለሚቆመውም ሰው ከግንቡ አንዱን ወገን ያስፈርሱለት፤ ቀጂ ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ደሙ ይታይ። መቅጃውን በየሦስት ወሩ ትመረምሩት የለም ወይ? ቀጂው ከመቅጃው ቢያንስም በትንሽ ነው።

ፊርማ ስለማላውቅ አውራ ጣቴን አሳርፌያለሁ። ወረቀቱ ቤንዚን ቤንዚን ቢልዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ሥራ ካቆምኩ ሰባት ዓመት ቢሆነኝም ሽታው አልለቀቀህም ይሉኛል። እኔማ በምን አውቄ።

ለረጅም ትንፋሽዎ የሚጸልይ፣
የቀድሞ ነዳጅ ቀጂ፣ የነዳጅ ቀጂ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው የላኩት ተቆጣጣሪ የመቅጃውን ልክ ሊያይ መጥቶ አራት ደቂቃ ያህል ቆሟል፤ እስኪጨርስም አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ነበር። ለመሄድ ሲቻኮል መሐረቡን ረስቶት ሄደ። ልጄ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ ከዚህ ጋር አባሪ አድርጋዋለች። ማስረጃ ብለዋልና ይኸው።

በይ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ስለ ደምሽ ያልኩትን እንዳትዘዪው፤ ፊደል ባልቆጥርም ያልኩትን አልረሳም።