ሳትነግረኝ የወሰድከኝ የጀልባ ሽርሽር

ግርማዬ፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ሰመር ገባ። እንደምን አለህ አልልህም፤ ስላንተ ደህንነት የሚነገረኝን ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

በመጀመሪያ የጎረቤታችንን ነገር ልንገርህ። እትዬ ወሰኔ ታመዋል። ከአጥሩ ወዲያ ሆነው "ግርማ፣ ሣርህ እኮ ጫካ ሆነ!" እያሉ ይቆጡህ የነበሩት ሴትዮ፣ አሁን ከደጃፋቸው ፖስታ ሳጥኑ ድረስ ለመሄድ መሐል ላይ ቆመው ያርፋሉ። ልጃቸው ሀና ሥራዋን ከቤት አድርጋ አብራቸው ገብታለች። ወንዱ ልጃቸው እዚያ ሊቶኒያ ከሚባለው ከተማ እየመጣ ሣሩን ያጭዳል፣ እግረ መንገዱን የኛንም። ቤታችን ያው ነው። መኪናህን ሸጥኳት። ሶፋውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ አንተ እሺ አትልም ነበር፣ ግን ጥሩ ሆነ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ።

አንድ ቀን ከሥራ ማረፍ የሚያመው ሰውዬ፣ ካቻምና ድንገት ተነሥተህ "ፍሎሪዳ እንሂድ፣ ካታማራን ቡክ አድርጌያለሁ" አልከኝ። ምንድነው ደግሞ እሱ ብልህ፣ ሁለት ሆድ ያላት ሰፊ ጀልባ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ታንሸራሽረናለች፣ ዋና አለ፣ ጨዋታ አለ፣ ምሳ አለ አልከኝ። ምን ነካው ብዬ እንኳ አልጠረጠርኩም። ደስ አለኝ፣ የኔ ሞኝ።

ያን ቀን እንዴት እንደሳቅኩ ታውቃለህ። ላይፍ ጃኬቱን አንገቴ ድረስ ቆልፈው፣ ሙዝ የሚመስል ፕላስቲክ ላይ አስቀምጠው በሞተር ጀልባ ሲጎትቱኝ፣ የማውቃቸውን ታቦታት ሁሉ ጠራሁ። ምሳ ላይ በብልቃጥ የያዝኩትን አዋዜ ካፒቴኑ ዶሮው ላይ እንደ ኬቻፕ አፍስሶ ጎረሰና ፊቱ ቲማቲም ሆነ። አንተ በሳቅ እንባህ መጣ።

ውሃው ውስጥ ግን አልገባህም። ሐይቅ ውስጥ ነው ያደግኩት እያልክ ጆሮዬን ስታደነቁረው የኖርክ የሐዋሳ ልጅ፣ "ውሃው ይቀዘቅዛል" ብለህ ጀልባዋ ፊት ያለው መረብ ላይ ተጋደምክ። እኔ ዋና የማላውቀው የደሴ ልጅ ከታች ሆኜ "ፈሪ! ፈሪ!" እያልኩ ጮህኩብህ። አብረውን የተሳፈሩት ፈረንጆችም ቃሉ ሳይገባቸው ተቀብለውኝ "ፌሪ! ፌሪ!" አሉህ። አንተም እጅህን አውለብልበህ ሳቅክ።

ለካ ከዚያ ቀን በፊት ልብህ እንደደከመ ሐኪሙ ነግሮሃል። መዋኘት ተከልክለሃል። አብሮህ ታክሲ የሚነዳው ሙሉጌታ ያውቃል። እኔ ሚስትህ ያወቅኩት ለቅሶው ላይ ነው፤ ሙሉጌታ ደረቱን እየደቃ "ሳልነግራት አንድ ቆንጆ ቀን ልስጣት ብሎኝ ነበር!" ሲል።

ከዚያ ወዲህ ይህች ወሬ አገር አዳረሰች። ቤተ ክርስቲያን በሄድኩ ቁጥር ሴቶቹ እያቀፉኝ "እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል!" ይሉኛል። አንዷ እንኳ "አልማዝ፣ አልተናደድሽም ወይ?" ብላ አልጠየቀችኝም። ተናድጃለሁ ግርማ። እርር ብያለሁ። ቆንጆ ቀን ማን ጠየቀህ? እኔ የምፈልገው አስቀያሚዎቹን ቀኖች ነበር። መድኃኒትህን ላቀብልህ፣ ስለ ጨው ልጨቃጨቅህ፣ ከጎንህ ሆኜ ልፈራ። አንተ መረቡ ላይ ተጋድመህ እኔን በደንብ አድርገህ ተሰናበትከኝ። እኔስ? የኔን መሰናበቻ ለምን ወሰድክብኝ?

ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ ዝም ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሀና መጣች። የእናቷ ሕመም ካንሰር ነው፤ ተሠራጭቷል። ሐኪሙ በስልክ አስተርጓሚ ልጥራ ቢላት "ኖ ኖ፣ እኔ አለሁ" ብላ ራሷ አስተረጎመች። እሱ ተሠራጭቷል ሲል፣ እሷ ለእናቷ "ጨጓራ ነው፣ ቃሪያ ተዪ ይልሻል" አለቻቸው። አስበው! እትዬ ወሰኔም ሐኪሙን ቆመው መርቀው ወጡ።

"አየሽ፣ ጋሽ ግርማ እንዳደረገልሽ ማድረግ ነው የምፈልገው" አለችኝ። "ያቺኑ ካታማራን ቡክ አድርጌያለሁ። ምንም ሳታውቅ ደስ ብሏት ትዋል። አንቺም ነይ፣ ታስቂያታለሽ።"

ላንተ ያጠራቀምኩት ሁሉ እሷ ላይ ወጣ። "ስሚ" አልኳት፣ "እዚያች ጀልባ ላይ የተታለልኩት እኔ ነኝ። ቆንጆ እንደነበር አንቺ ምን ታውቂያለሽ? እስከ እሑድ ለእናትሽ ንገሪያቸው። አለዚያ አጥሩን ዞሬ እኔው እነግራቸዋለሁ።"

"አልማዝዬ ፕሊስ፣ ትሞትብኛለች!"

"ባትነግሪያቸውስ አይሞቱም?" አልኳት። ክፉ ቃል ነው፤ ወጣ።

እሑድ ከሰዓት የእትዬ ወሰኔ ጩኸት እኛ ቤት ድረስ ተሰማ። ሀና ነግራቸዋለች ብዬ በረንዳው ላይ ወጥቼ በአጥሩ በኩል አየሁ። የሰው ቤት አፍርሼ እንደሆነስ?

ዛሬ ጠዋት በር ተንኳኳ። ነጠላቸውን አጣፍተው እሳቸው ራሳቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኳቸው። "ልጄ ውሸታም ናት" አሉኝ። "ባልሽም ነፍሱን ይማረውና ውሸታም ነበር።" ከሞትክ ጀምሮ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ እሳቸው የታመሙት፣ እኔን ጀርባዬን እያሻሹ "አይዞሽ የኔ ልጅ" ይሉኛል።

በኋላ ታዲያ ጀልባው ይሰረዝ ወይ ብላቸው ተቆጡ። "ለምን ይሰረዛል? ልጆቼን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ የምላቸው አለኝ። ሲያሻኝ አለቅሳለሁ፣ ሲያሻኝ እበላለሁ። ውሃውም ውስጥ እገባለሁ፤ ምን ልሆን ብዬ ነው ከእንግዲህ? ብቻ ማንም ሳቂ እንዳይለኝ።"

አብሬ እሄዳለሁ ግርማ። ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ፤ ገና ነኝ። ግን አልረሳህም። የማስታውስህ ሴቶቹ እንደሚያወሩልህ አይደለም፤ መፍራቱን ለብቻው የጨረሰ፣ የምወደው ውሸታም ባሌ አድርጌ ነው። ከእንግዲህ ስለዚያ ቀን የጠየቀኝን ሁሉ፣ መሳቄንም መታለሌንም እስከ መጨረሻው እነግረዋለሁ።

አልማዝ