ከጀልባው ላይ የተባለው

ጎንደር፣ ማራኪ
መጋቢት 12

ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ በክረምት የሚነሣብዎ የጉልበት ሕመም ከደሴቱ እርጥበት ጋር ተስማማ ወይስ አሁንም በስግደት ጊዜ ያስቸግርዎታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴም ከዓይኗ በቀር ደህና ናት። የምጽፍልዎ ስለ እሷ ነውና ገና ከሰላምታው ወረቀቱን አጥፈው እንዳያስቀምጡት። መነኩሴ የዓለም ወሬ አይሰማም እንደሚሉ አውቃለሁ። ይህ ግን ወሬ ሳይሆን የተላከብዎ ቃል ነው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ አያ ወንዴ ነው፣ ከጎርጎራ ወደ ገዳማችሁ እህልና ጧፍ የሚያመላልሰው ባለ ጀልባ። ሱባኤዎን ሳይፈቱ እንዳይሰጥዎ አደራ ብዬዋለሁ። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ የተማርኩት በቅርቡ፣ አፍሬ ነው። እንዴት እንዳፈርኩ እነግርዎታለሁ።

ሲሄዱ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አሁን አስጎብኚ ነኝ፤ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የውጭ እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ ብዙ ጓደኞቼ ሥራውን ትተው ሱቅ ከፈቱ። እኔ ግን ፊቴን ወደ አገሬው ሰው አዞርኩና ቴሌግራም ላይ «ጎንደርና ጣና በሁለት ቀን፣ ኪስ በማይጎዳ ዋጋ» ብዬ ለጠፍኩ። የሚመጡልኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አዲስ ሙሽሮች፣ አንዳንዴም ደመወዛቸው ሳያልቅ ባሕር ማየት የሚሹ አስተማሪዎች ናቸው። በሚኒባስ ተጠጋግተን እንሄዳለን፤ ቆሎና ዳቦ ቋጥረን እንበላለን፤ የምናድረው ንጹሕ አልጋ ባለበት በርካሽ ቤት ነው። ከእኔ ጋር የሄደ ሰው ገንዘቤን ተበላሁ ብሎ አያውቅም። ይህን የምነግርዎ እንዲኮሩብኝ ነው፤ ምን እደብቅዎታለሁ።

እናቴ ከቤታችን፣ ከትክል ድንጋይ የመጣችው ለዓይኗ ነበር። ሐኪሙ አይቶ ሞራ ነው፣ ከትንሣኤ በኋላ ይገፈፋል ብሎ ቀጠሮ ሰጣት። እስከዚያ እኔ ዘንድ ተቀመጠች። አንድ ቀን ጧት ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ ስል፣ ለሰው ሁሉ የማሳየውን ለእሷ ምነው እንደማላሳያት ጠየቀችኝ። ደስ አለኝ። ነገር ግን ዓይኗ ይዳንና ሁሉንም አጥርታ እንድታይ፣ ትንሣኤ እስኪያልፍ እንድትታገሥ ለመንኳት። አይሆንም አለች። መሄድ ያለባት ከፋሲካ በፊት ነው። ምክንያቱን ብጠይቃት ወደ ሌላ ጨዋታ ገባች፤ መቼም ጠባይዋን ያውቁታል፤ ካልፈለገች ቃል አይወጣትም።

በመጀመሪያው ቀን አጤ ፋሲል ግቢ ወሰድኳት። ያን ሁሉ ዘመን ገበያ ስትመጣ ግንቡን ከመኪና ላይ እያየች አልፋለች፤ በበሩ ግን አንድም ቀን ገብታ አታውቅም። ለእንግዳ የማወራውን ሁሉ፣ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደነገሠበት፣ አንበሶቹ የት ይታሰሩ እንደነበር አወራሁላት። ሰማችኝና ይህን ሁሉ ክፍል ማን ይጠርገው እንደነበር ጠየቀችኝ። አባቴ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ እኔም በሄድኩ ቁጥር እሱን ነው የማስበው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደግሞ ጣራውን ቀና ብላ ብታይ መላእክቱ ሁሉ ጭጋግ ሆኑባት። ስለዚህ ፊታቸውን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ይኼ ወደ ቀኝ ያያል፣ ያኛው ወደ ግራ፣ እያልኩ። ከመካከላቸው የሚስቅ እንዳለ ጠየቀችኝ። አንዱ ፈገግ ብሏል አልኳት። እውነት ለመናገር ፈገግ ያለ አላየሁም። እዚያው ለዋሸሁት እዚያው ይቅር ይበለኝ ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ በሌሊት ወደ ጎርጎራ ተሳፈርን። ኮላ ድባ ላይ ሚኒባሱ ቆሞ ጤፍ የጫነ ሰው ሲያወርድ ልብሷን አየሁት። ለጥምቀት ብቻ ከሣጥን የምታወጣውን ቀሚስ ለብሳለች። ለአቧራ መንገድ ይህ ምንድን ነው ብዬ ቀለድኩባት፤ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ሸፈነችው። ጎርጎራ ወርደን የውሃው ሽታ ሲያገኘን ነው እውነቱን የነገረችኝ። ጀልባ እንድይዝላትና እርስዎ ወዳሉበት ደሴት እንድወስዳት ፈለገች።

ሴት እዚያ እንደማትረግጥ ታውቃለች። እኔም ደገምኩላት። ለመርገጥ እንዳልመጣች፣ ከጀልባው እንደማትወርድ ነገረችኝ። አያ ወንዴ ወዳጄ ስለሆነ ነዳጁን ብቻ ቻይ ብሎ ተነሣ። ሐይቁ መካከል እስክንደርስ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። ኋላ አንዱን እጇን ለቀቀችና ውሃው ውስጥ ሰደደችው፤ እስክንደርስም አላወጣችውም። ሻላ ወፎች በላያችን ሲያልፉ ነጭ ነገር አየሁ አለችኝ። እኔ ደግሞ ልቤ በሌላ ተይዟል። እርስዎን ካየሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ምን እንደምልዎ አላውቅም ነበር። እውነቱን ልንገርዎ፤ ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር።

ወደ መውረጃው ስንጠጋ ከውሃው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ወይባ ልብስ የለበሰ፣ መቋሚያ የያዘ መነኩሴ ወረደ። እርስዎ አልነበሩም። ሩቅ ሳለ ነው ያወቅኩት፤ ረጅም ነው፣ አረማመዱም የእርስዎ አይደለም። ልነግራት አፌን ስከፍት እናቴ ጀልባው ላይ ተነሥታ ቆመች። አያ ወንዴ እንዳትወድቅ ቀሚሷን ያዘ። እንዲህ አለች፤ ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምጽፍልዎ፦

«አንተ ሰው፣ ምንም አትበል፣ ስማኝ ብቻ። ያን ጊዜ የንስሐ አባታችን ሁለታችንን አስቀምጠው ‹ትፈቅጂለታለሽ ወይ› ሲሉኝ እሺ ያልሁ በአፌ ነው። ቄስ ፊት አፍሬ ነው። ልቤ እምቢ ብሎ ነበር። አንተ ዘጠኝ ዓመት ስትጸልይ እኔ ከኋላ ልብስህን ይዤ ስጎትትህ ኖርሁ። ዛሬ ለቅቄሃለሁ። የዛሬው ከልቤ ነው። በርታ።»

መነኩሴው መቋሚያውን መሬት ላይ አኖረ። ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ ተደፍቶ ሰገደላት። እሷ ተቀመጠች፤ አያ ወንዴንም እንሂድ አለችው።

አባቴ፣ ሚስት ካልፈቀደች ባል እንደማይመነኩስ አውቅ ነበር። የማላውቀው እሷ በልቧ እንዳልፈቀደች ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁለታችሁ ተስማምታችሁ የተለያያችሁ፣ የተጣልኩት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለዚህም በእሷም በእርስዎም አዝኜ ኖሬያለሁ። ለካ እሷ ያቺን «እሺ» እንደ ሐሰት ምስክርነት ተሸክማ፣ ቆብዎ በውሸት ላይ የቆመ እየመሰላት እንቅልፍ አጥታ ኖራለች።

ጎርጎራ ስንወርድ አያ ወንዴ ወደ ጎን ወሰደኝ። የወረዱት አባ ወልደኢየሱስ ናቸው አለኝ። ኋላ ለአያ ወንዴ እንደነገሩት፣ ከሩቅ ሲያዩን ሊነግሩን የመጡት እርስዎ በጾሙ በር ዘግተው ሱባኤ እንደያዙና እስከ ትንሣኤ ከማንም ጋር እንደማይገናኙ ነበር። ሳይናገሩ ቀደመቻቸው፤ ከሰሟት በኋላ ደግሞ እኔ እሱ አይደለሁም ለማለት አንጀታቸው እምቢ አለ። አባ ወልደኢየሱስን አይቆጡብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ስንቱን እንግዳ በጾም ወደ ገዳም አትሂድ፣ መነኮሳቱ በር ይዘጋሉ እያልኩ ስመልስ የኖርኩ አስጎብኚ፣ የገዛ እናቴን በዐቢይ ጾም ጭኜ ወሰድኳት።

ላለመንገር ወሰንኩ። ያን የመሰለ ቃል ለሌላ ሰው ተነገረ ብዬ እንዴት እነግራታለሁ? ምግብ ቤት ገባን፤ የዓሣው ሽታ ጾሟን እንዳይፈታተናት ከበሩ አጠገብ ተቀምጠን ሽሮ አዘዝን። ከመጣች እንደዚያ ቀን ስትበላ አላየኋትም። ለእንግዳ እንደምለው ጉዞው እንዴት ነበር አልኳት።

«ሸጋ ነው» አለችኝ። «ሰውዬው ግን በስድሳ አራት ዓመቱ ቁመት ጨምሯል።»

ሽሮው ትን አለኝ። እሷ ጀርባዬን እየመታች ትስቃለች፤ ስትስቅ እንባዋ ይወርዳል። ገና ሲወርድ ባረማመዱ ነው ያወቀችው፤ ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርሁትን ሰው እግር ለማወቅ ዓይን ምን ያደርግልኛል አለችኝ። ታዲያ ምነው ተናገርሽ ብላት፣

«እኔ የሄድሁት ለዋርካው ልነግረው ነበር። እግዜር ሰው አወረደልኝ። እሱ ራሱ ቢወርድ ኑሮ አንዲት ቃል አይወጣኝም» አለች።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ከእርስዎ፣ ከመሪጌታ ጋር ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት በጾም በር እንደሚዘጋ ሳታውቅ ቀርታ ነው? ከፋሲካ በፊት ካልሆነ ያለችው ለዚህ ነው። ላታይዎ ነው የሄደችው አባቴ፤ ግን የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳ ነው የሄደች።

ማታ ቤት ስንገባ፣ እሱ ያልሰማው ፈቃድ ምን ይጠቅማል ብዬ ተከራከርኳት። እግዜር ሰምቷል፣ አትጻፊለት አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ስለ ራሴ ደግሞ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። የንስሐ አባታችን ያን ቀን እኔን አልጠየቁኝም። ሥርዓቱ የሚጠይቀው ሚስትን ነው፤ ይገባኛል። ቢጠይቁኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር፤ በአፌም በልቤም። ዛሬስ ብለው ቢጠይቁኝ፣ እንደ እናቴ ለቅቄዎታለሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልቻልኩም። እሷ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባታል፤ እኔም ትንሽ ይጨመርልኝ። ይናፍቁኛል። ግንቡን ለእንግዳ ሳሳይ እንኳ ድምፄ የእርስዎን ዜማ ማስተማር ይመስላል ይሉኛል፣ የሚያውቁዎት ሰዎች።

በጸሎትዎ ያስቡን። ለዓይኗ ቀን በተለይ ያስቡልን። አምላክ ሱባኤዎን ይቀበልልዎ፤ ለብርሃነ ትንሣኤውም እንኳን በሰላም አደረስዎ። አባ ወልደኢየሱስንም ጭቃው ከልብሳቸው ለቀቀ ወይ ብላለች እናቴ፤ እጅ ትነሣቸዋለች።

አትጻፊለት ያለችኝ ሴትዮ ትናንት ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ደረጃውን ብቻዋን ወርዳ፣ ከማዶ ካለው ሱቅ የደብዳቤ ፖስታ ገዝታ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ሁለት ናቸው። አንድ ይበቃል፣ ሌላው ለምንድን ነው ብላት፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ደሴቱ ላይ ሱቅ የለም አለችኝ።

ሁለተኛውን ከዚህ ጋር አጥፌ ልኬልዎታለሁ።

እጅዎን የምትሳለም
ልጅዎ